ጅራፍ የለመደ እጅ

ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ያስተምራል የሚሉ ሰዎች የሚያስቡት ትል ሰክቶ፣ ክሩን ውኃ ውስጥ ጥሎ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሚተክዘውን ሰው ነው። ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው ግን ቁጭ ብለው የሚሠሩት አይደለም። ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘንግ ይዞ፣ ቆሞ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወፍራም ክር በአየር ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲያመላልሱ መዋል ነው። መንጠቆው ላይ የሚበላ ነገር የለም። ላባና ጠጉር ታስሮበት ዝንብ ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ተደርጓል። የሚታለለው ዓሣው ነው፤ ከዓሣው በፊት ግን ገዢው። ይህ ላባ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክብደት የሌለው ነገር ደግሞ አይወረወርም። ያላመነ ሰው የዶሮ ላባ አንሥቶ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት ግቢ ይወርውርና ይየው። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። መንጠቆው ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አስተያየት አይጠየቅም።

ክሩ በቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ የሚነግረን የፊተኛው 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህሉ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን ነው። መለኪያው ግሬን ይባላል፤ ጥንት ከአንዲት የገብስ ፍሬ ክብደት የተነሣ ነው። 5 ቁጥር ክር 140 ግሬን ይመዝናል፤ 9 ግራም ገደማ። 8 ቁጥር 210፣ 10 ቁጥር 280፣ 12 ቁጥር 380 ግሬን ነው። ክሩ ከሐር በሚሠራበት ዘመን በውፍረቱ እየታየ በፊደል ይሰየም ነበር። ፕላስቲኩ ሲመጣ ውፍረትና ክብደት ተለያዩ፤ አሜሪካኖች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ፊደሉን ትተው በሚዛን ቆጠሩት። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ለገዛ ሚዛናቸው አይገዙም። የዘመኑ ዘንግ ደረቅ ስለሆነ ከበድ ያለ ክር ካልጎተተው አይታጠፍም ብለው፣ 5 ተብሎ የተጻፈበትን ብዙ ጊዜ ወደ 6 ያስጠጉታል። አሜሪካ ውስጥ ሳይለመን ምርቃት የሚጨምር ነጋዴ ያገኘሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

እኔ የለመድኩት 5 ቁጥሩን ነበር። ከባልቲሞር በስተሰሜን ጋንፓውደር የሚባል ወንዝ አለ፤ ከግድብ ሥር ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚለቀቅለት በጋውንም ትራውት የሚባል ዓሣ ይኖርበታል። ወንዙ ጠባብ፣ መንጠቆው ኢምንት ነው። እዚያ ትከሻ የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ ክንድን ጥቂት ነቅነቅ ካደረጉ ክሩ ዛፍ እስኪያገኝ ድረስ ይሄዳል። ነገሩ የሚለወጠው አንድ ሰው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወጥቶ፣ የሜሪላንዶች የግዛት ዓሣ የሆነውን፣ እነሱ ሮክፊሽ የሚሉትን ባለ መስመር ዓሣ ሲመኝ ነው። እዚያ ነፋስ አለ። መንጠቆውም ከጣት የሚረዝም፣ ውኃ ጠጥቶ የሚከብድ ነው። ይህን የዘጠኝ ግራም ክር አይጎትተውም፤ 9 ቁጥር ይፈለጋል። 240 ግሬን። 15 ግራም ተኩል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቢስቅ አይፈረድበትም። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው፤ እኛ ሻይ ላይ ምንም ሳይመስለን የምንጨምረው። ጋሼም ስቀዋል።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከስፋቷ ይልቅ ወሬዋ የሚበልጥ ከተማ ናት። ዋሽንግተን መሀል የመኪና ማቆሚያ ሲያስተዳድሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጊዜ፣ ልጃቸው «አባዬ፣ ቤት ቁጭ ብለህ የአገር ቤት ዜና ስታይ ግፊትህ ይነሣል» ብላ የውርወራ ትምህርት ከፈለችላቸው። ትምህርቱ የከባድ ክር ነበር፤ እሷ የመረጠችው ቀኑን አይታ ነው። እኔም ልመዘገብ እያሰብኩ ስለነበር ሹፌራቸውም የክፍል ጓደኛቸውም ሆንኩ።

ጋሼ ሰሜን ሸዋ ነው ያደጉት። ነሐሴ ሲገባ፣ ቡሄ ሲቃረብ፣ የእሳቸው ጅራፍ ከሦስት ጋራ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ምስክሩ ራሳቸው ናቸው። ዘንጉንና ክሩን ባዩ ጊዜ አንዴ በእጃቸው መዘን አደረጉና «ይሄማ ጅራፍ ነው፤ እጀታው ረዘመ እንጂ» አሉ።

ከሩቅ ሲያዩት ልክ ናቸው። ጅራፍንም የፍላይ ክርንም የሚገዛቸው አንድ ሕግ ነው፤ እጥፋቱ ወደ ቀጭኑ ጫፍ በሄደ ቁጥር የሚንቀሳቀሰው ክብደት ያንሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጅራፉ የሚጮኸው ጫፉ የድምፅን ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው። ነገር ግን የጅራፍ ሥራው መጮህ ሲሆን፣ የፍላይ ክር ከጮኸ መንጠቆው ተበጥሶ ሄዷል ማለት ነው። ደግነቱ ሣር ላይ ሲለማመዱ መንጠቆ አይታሰርም፤ በቦታው ብጣሽ የሱፍ ክር ያስሩበታል። ጋሼ መናፈሻው መሀል ቆመው የመጀመሪያዋን ሲያስጮኹ የሱፍ ክሯ ብን ብላ ጠፋች፤ ከልጆች መጫወቻው አጠገብ የነበሩ እናቶችም ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። «ሰማህ?» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። ሰምቼ ነበር። ፖሊስም ሳይሰማ አልቀረም፤ አንድ መኪና ቀስ ብሎ ዞሮን ሄደ።

አሰልጣኛችን ሰባ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ናት። ክንዷ የጋሼን ክንድ ግማሽ አይሞላም። ጋሼ ባክብሮት «እሜቴ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ስማቸውን ጋሼ ብላ ይዛ፣ የመዝገቡ ወረቀት ላይ ሳይቀር እንደዚያው ጽፋዋለች።

አሜሪካ ውስጥ መወርወር የሚማር ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚሰማው የሰዓቱን ነገር ነው። ከጎንህ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት እንዳለ አስብ፣ ዘንጉንም በ10 ሰዓትና በ2 ሰዓት መካከል አመላልስ ይሉሃል። እሜቴም ለቀላሉ ክር የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው ብላ ከእሱ ጀመረች። ጋሼ እዚህ አገር የኖሩት የፈረንጅ ሰዓት በሰሙ ቁጥር በልባቸው ወደ ሐበሻ እየመለሱ ነው፤ ቀጠሮ የማያሳልፉትም በዚሁ ነው። 10 ሲባሉ 4 ብለው ያዙ፣ 2 ሲባሉ 8 ብለው ያዙ። ዘንጋቸው አንዴ ከፊት ሣሩ ውስጥ ገባ፣ አንዴ ከኋላ ሣሩ ውስጥ ገባ። እሜቴ ደግማ አሳየቻቸው። እሳቸውም ደግመው፣ በበለጠ ጥንቃቄ፣ ሣሩን ከሁለት በኩል ወጉት።

ነገሩ ሲገባኝ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ አይመልሱት፤ እንደ ተባለው በፈረንጅ ነው» አልኳቸው።

ዘንጉን አወረዱና አሰብ አድርገው «ከጠዋቱ ነው ከማታው?» አሉ።

ሆኖም ጋሼ ተሳስተዋል ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም። ሌፍቲ ክሬይ የሚባል የሜሪላንድ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ፍሬድሪክ ከተማ ተወልዶ በ2018 ያረፈ፣ የሠራው መንጠቆ በ1991 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ የወጣለት። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሱ ይበልጥ ሰው ያስተማረ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሲሟገት የኖረው ከዚሁ ከ10 እና ከ2 ጋር ነው። ለጠባብ ወንዝና ለቀላል ክር ይበቃ ይሆናል፤ ከባድ ክር ራቅ አድርጎ ለመወርወር ግን ዘንጉ ወደ ኋላ ረዥም መንገድ መሄድ አለበት፣ ረዥም መንገድ ያገኘ ዘንግ ጉልበት አይለምንም ይል ነበር። እሜቴም ከባዱ ክር ላይ ስንደርስ ሰዓቱን ሰርዛ ይህንኑ አስተማረችን። ጋሼ በድል አድራጊነት ወደ እኔ ዞረው «አላልኩህም? በሐበሻ ነው የሚሠራው» አሉ።

አሁን ወደ ክብደቱ ልምጣ። ከባድ ክር የያዘ ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ጉልበት መጨመር ነው፤ አላፊ አግዳሚውም የሚመክረው ይህንኑ ነው። አንድ እሑድ የጋሼ ወዳጆች ከቅዳሴ መልስ ሊያዩን መጥተው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሣሩ ዳር ተደርድረው፣ በየውርወራው «በርታ!» «ጠንከር!» እያሉ ሲያግዙ አረፈዱ። ክሩ በበኩሉ በየማበረታቻው ልክ ይበልጥ አጠገባችን ይወድቅ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ክሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ታጥፎ ነው የሚሄደው፤ እጥፋቱ እየተፈታ ሄዶ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ዘንጉን ወደ ራሱ ሳብ ያደርገዋል። ወደ ፊት መጀመር ያለበት ልክ ያን ጊዜ ነው። ዘንጉን የሚያጥፈው የተዘረጋው ክር ክብደት ነው፤ የታጠፈው ዘንግ ሲቃና ደግሞ የውርወራውን ዋና ሥራ ይሠራዋል። የሰውየው ድርሻ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ ፍጥነቱን እየጨመረ ሄዶ፣ ድንገት ቀጥ ማለት ነው። ክሩ ሳይዘረጋ የቸኮለ ሰው የሚገፋው አየር ነው። ገና ከመጀመሪያው በጉልበት የገፋ ደግሞ የክሩን ጫፍ ከራሱ ከክሩ ጋር ያማታዋል፤ ቋጠሮ ይፈጠራል። አጥማጆች ይህን ቋጠሮ የነፋስ ቋጠሮ ይሉታል። ነፋስ ቋጠሮ ሲያስር ያየ ሰው የለም፤ ግን መልስ የማይሰጥ ተከሳሽ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከባድ ክር አስቸጋሪ ነው የሚለውን እኔ አልቀበልም። እንዲያውም አስተማሪነቱ ይሻላል። 5 ቁጥሩ ከኋላ ተዘርግቶ ሲያልቅ ለእጅ እምብዛም አያሳውቅም፤ ገምተህ ነው የምትሄደው፤ ገምተህ ብትሳሳትም ይቅር ይልሃል። 9 ቁጥሩ ግን ሲዘረጋ እጅህን ሳብ አድርጎ «ደርሻለሁ» ይልሃል። ከዚያ በፊት ከጠራኸው አይመጣም። መጥቶም ከሆነ ጀርባህ ላይ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል። የፍላይ ክር ግን ይገርፋል እንጂ አይጮኽም፤ ጩኸቱን ለባለቤቱ ይተወዋል። ጋሼ ጆሯቸውን የተገረፉ ጊዜ ያሰሙትን ቃል እሜቴ ምን ማለት ነው ብላ ጠይቃኝ፣ የመድኃኔዓለምን ስም ጠርተው ነው ብያታለሁ። ከፊሉ እውነት ነበር።

ጋሼን ጅራፉ ያስለመዳቸው ማጣደፍን ነው። ጅራፍ ላይ ከኋላ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፤ ቶሎ መመለስ ነው ጩኸቱን የሚያመጣው። ይህን ስድሳ ዓመት ያህል እጅ ውስጥ የኖረ ነገር ማስለቀቅ ቀላል አልነበረም። እሜቴ ዘዴ ፈለገች። ክሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አንገታቸውን አዙረው እንዲያዩት፣ ሲዘረጋም በአፋቸው አንድ ቃል እንዲሉ ነገረቻቸው። ጋሼ የመረጡት «እሺ» ነው። ክሩ ይሄዳል፣ ይዞራሉ፣ ያያሉ፣ «እሺ» ይላሉ፣ ይወረውራሉ። መናፈሻው ውስጥ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ፈረንጆች ቀስ በቀስ ለምደውን «እሺ!» እያሉ ሰላምታ ይሰጡን ጀመር።

ከዚያ ሁለተኛው እጅ መጣ። ከባድ ክር የሚወረውር ሰው ቀኝ እጁ ዘንጉን ሲያንቀሳቅስ ግራው ክሩን አጠር አድርጎ ሳብ ያደርጋል፤ ክሩ ሲዘረጋ ደግሞ የሳበውን ይመልሳል፤ ወደ ፊት ሲመጣ እንደገና ይስባል። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው። ጋሼ መሳቡ አልከበዳቸውም፤ መመለሱ ነው። የሳቡትን መመለስ ለማንም ቀሎ አያውቅም። በዚህ ላይ እሜቴ ትከሻ እንዳይንቀጠቀጥ ብላ ከልክላለች። ለሐበሻ ይህን መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ሴትየዋ አታውቅም። አንድ ቀን ሁለቱም እጆች ተስማምተው ክሩ ሳይታሰብ ረዝሞ ሲሄድ፣ የጋሼ ትከሻ በራሱ ፈቃድ ወደ ወሎ ሄዶ ተመለሰ።

ጉልበት ነው የሚል የቀረ ካለ ጆአን ዉልፍ የምትባለውን አሜሪካዊት ይጠይቅ። የዳንስ አስተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1951 ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ወንዶች በነበሩበት የርቀት ውድድር አሸንፋለች፤ በ1960 ደግሞ 161 ጫማ ወርውራለች፤ 49 ሜትር ነው። ይህን ለነጠላ ለባሾቹ ሸንጎ ተረክሁላቸው። አንደኛውን ከሁሉም ያስገረማቸው ውድድር መኖሩ ሆነ፤ «ዓሣ ሳይኖር?» አሉ።

ስለ መንጠቆው አጭር ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የፔንሲልቫኒያው ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ የሠራው፣ አሁን ሮክፊሽ የሚያጠምድ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ የማያጣው መንጠቆ አለ፤ ዓይን ተብለው የታሰሩበት ሁለት የብረት ኳሶች ናቸው። መጀመሪያ የነገርኳችሁን የዶሮ ላባ እርሱት፤ ይህኛው ክብደት አለው። እጥፋቱ ጠባብ ከሆነ በራስ ቅል አጠገብ ያፏጫል። ስለዚህ ወደ ኋላ ሲሄድ በጎን፣ ወደ ፊት ሲመጣ በላይ እንዲያልፍ ክብ አድርገው ይወረውሩታል፤ የቤልጂየም ውርወራ ይሉታል። የቤልጂየም ይሁን የማንም፣ ኮፍያና መነጽር አድርጉ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ፖቶማክ ሄድን። ዋሽንግተን ውስጥ ፍሌቸርስ የሚባል የጀልባ ቦታ አለ፤ ሚያዝያ ሲገባ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከውቅያኖስ ተነሥቶ ለመራባት ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ሻድ ብዙ ጊዜ ጠለቅ ብሎ ስለሚሄድ ክሩ የሚሰጥም ዓይነት መሆን አለበት። የሚሰጥም ክር ደግሞ ከቁጥሩም የባሰ ኩሩ ነው፤ ውኃ ውስጥ ካለ በቀጥታ ነቅሎ መወርወር አይቻልም። መጀመሪያ ጠቅልለው፣ ወደ ፊት ገልበጥ አድርገው ከላይ ማምጣት፣ ከዚያ ነው ወደ ኋላ መላክ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ፣ ሁለተኛው ሰው ወለሉ ላይ ተኝቶ ነው። ሁለተኛው ሰው እኔ ነበርኩ። ከላዬ «እሺ» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አትላንቲክን ተሻግሮ ሳይደክመው የመጣ ስለሆነ፣ የጋሼ ባለቤት ገና በዋዜማው «ይዘህ ብትመጣ ድስቴን አላስነካም» ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል። መንግሥት ቀድሟቸዋል። ሻድ በጣም ስለተመናመነ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ይዞ መሄድ ከልክላለች፤ ዋሽንግተንም እንደዚያው፤ መያዝ ይቻላል፣ መልቀቅ ግን ግዴታ ነው። እንዲያውም ሻድ ለመራባት ወንዝ ሲወጣ እምብዛም ምግብ አይበላም። ይህን ጀልባው ላይ ስነግራቸው ጋሼ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ እኛም ጾመኛ፣ እሱም ጾመኛ፣ ከመሀል መንጠቆ ያስገባን ማን ነው?» አሉ።

ጾመኛው ግን ነከሰ። ጋሼ «እሺ» ብለው የላኩት ክር ወንዙ መሀል ሄዶ ሰጠመ፣ ዘንጉም ጎበጠ። ብርማ ሰውነቱ እየተብለጨለጨ መጣ፤ ፎቶ ተነሡ፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው መለሱት። ፎቶው ከእኛ ቀድሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዲት እናት አስቁመው አዩዋቸውና፣ ነዳጅ ከፍለው፣ ጀልባ ተከራይተው፣ የያዙትን መልሰው መጡ ማለት እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እውነት ነው ሲባሉ «እንግዲህ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ዘንዶውንም ይለቁታላ!» ብለው አማትበው አለፉ።

ጋሼን ይህ ሁሉ ቅንጣት አልነካቸውም። 9 ቁጥሩ አሁን ቀሏቸዋል፤ ስለ 12 ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ታርፖን የሚባል ሰው የሚያህል ዓሣ እንዳለ ደርሰውበታል። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ አራት ሜትር የሚሆን ዘንግ መኖሩን ነግሯቸዋል። የእኔ መኪና ውስጥ ይገባ እንደሆነ ሊለኩ ሜትር ይዘው መጥተው ነበር። ማን እንደነገራቸው እያጣራሁ ነው።